ፈጥኖ የሚበላው እጅ ነው

ቀስ ብሎ መብላትን የሚያስተምሩ ምክሮች አብዛኞቹ የተጻፉት በሹካ ለሚበላ፣ የራሱ ሰሃን ለቀረበለት፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን ለሚቀመጥ ሰው ነው። በየጉርሻው መካከል ሹካዎን ያስቀምጡ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ ሠላሳ ጊዜ ያኝኩ ይላሉ። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ አየር ጤና ወይም አጠና ተራ አካባቢ፣ ለሦስት አንድ ተጋቢኖ አዝዞ፣ ወንበር የሚጠብቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ እያየው ለሚበላ ሠራተኛ ይህ ምክር ምንም አይፈይድም። የሚያስቀምጠው ሹካ የለውም። ሠላሳ ጊዜ እስኪያኝክ ደግሞ ሽሮው ያልቃል። እኛ ዘንድ የአበላልን ፍጥነት ከጥርስ ይልቅ የሚወስነው እጅ ነው፤ እጁን የሚያስሮጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትሪው ነው። ስለዚህ ከአፍ ጋር ከመታገል እጅንና ትሪን ማስተካከል ይቀላል፤ የሚዘልቀውም እሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የወጡ ናቸው።

አስቀድሞ ግን «ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ሰው መልስ ይገባዋል። ሆድ መሙላቱን ለአንጎል የሚያሳውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ፈጣን ነው፤ ጨጓራ ሲለጠጥ ነርቭ ወሬውን ያደርሳል። ሌላው ዘገምተኛ ነው፤ ምግቡ ወደ አንጀት መውረድ ሲጀምር አንጀት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች በደም ዞረው «ይበቃል» ይላሉ፤ እነዚህ እስኪበረቱ ደቂቃዎች ያልፋሉ። በስምንት ደቂቃ ያለቀ ምሳ ሁለተኛው መልእክት በቅጡ ሳይደርስ ያለቀ ምሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የግሪክ ጥናት ይህንኑ በአይስክሬም ፈትኖታል። 17 ጤነኛ ወንዶች 300 ሚሊ ሊትር አይስክሬም አንድ ቀን በ5 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን በ30 ደቂቃ በሉ። የበሉት መጠን እኩል ነው፤ በዘገዩበት ቀን ግን በደማቸው ውስጥ የተገኙት የጥጋብ ሆርሞኖች ከፍ ያሉ ነበሩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የአሜሪካው ሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 30 ሴቶች ፓስታ እስኪበቃቸው እንዲበሉ አድርገው ነበር። ሲፈጥኑ በ9 ደቂቃ ገደማ 646 ካሎሪ፣ ሲዘገዩ በ29 ደቂቃ ገደማ 579 ካሎሪ በሉ። ልዩነቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ማንም አልከለከላቸውም፣ እስኪበቃቸው በልተው ነው ያነሱት። በዚያ ሙከራ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በሚፈጥኑበት ቀን የተሰጣቸው ትልቅ ማንኪያ፣ በሚዘገዩበት ቀን የተሰጣቸው የሻይ ማንኪያ ነበር። ገና ከመነሻው የተስተካከለው እጁ ነው።

ማስረጃው ወሰን እንዳለውም መናገር ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ከ3,000 በላይ ጃፓናውያን የተሳተፉበት ጥናት ፈጥነው የሚበሉና እስኪጠግቡ የሚበሉ ሰዎች፣ ሁለቱም ልማድ ከሌላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት የመያዝ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ፍጥነታቸውን የተናገሩት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጥናቱም የአንድ ወቅት ፎቶ ስለሆነ ፍጥነቱ ውፍረቱን አመጣ ወይስ ሌላ ሦስተኛ ምክንያት አለ የሚለውን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ 22 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ዝግ ብሎ መብላት የሚበላውን መጠን እንደሚቀንስ አረጋግጦ፣ ከምግቡ በኋላ በሚሰማው ረኃብ ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ይህን እንዲህ ይረዱት፤ በመዘግየት ጥቂት ያነሰ ይበላሉ፣ ቢያንስም ቶሎ አይርብዎትም። ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚሰጥዎትን ሰው አይመኑ። በተለይ በከተማችን የሆድ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ስለሚባል፣ ቀስ ብሎ መብላትን የጨጓራ መድኃኒት አድርጎ የሚያቀርብ አይጠፋም። ለጨጓራ ቁስለት ዋነኞቹ መንስኤዎች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ናቸው፤ የባክቴሪያውን ሚና ያገኙት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ባክቴሪያው በማኘክ አይሞትም። ሕመም ካለብዎ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ፤ መዋጥ ካስቸገረዎ ደግሞ ቀጠሮ አያስተላልፉ።

ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ሳይለውጡ መለካት ነው። በተለመደ የሥራ ቀን ምሳ ሲቀርብ የስልክዎን ሰዓት ያስነሱ፣ እጅ ሊታጠቡ ሲነሱ ያቁሙት። አብረዎት ለሚበሉት አይንገሩ፤ ከነገሩ ሁሉም ይዘገያል። በሚቀጥለው ምሳ ሰዓቱን ትተው እጅዎን ብቻ ይከታተሉ። ፈጥኖ የሚበላ ሰው እጅ አያርፍም፤ አፉ የመጀመሪያውን ጉርሻ እያላመጠ ቀኝ እጁ ሁለተኛውን ቆርጦ፣ ወጥ አጥቅሶ፣ አፍ አጠገብ ደርሶ ይጠብቃል። አፍ ያልተላመጠውን የሚውጠው ወረፋ የያዘ ጉርሻ ስለሚያይ ነው። ይህን አንዴ ካዩት በኋላ ምን መስተካከል እንዳለበት ማንም ሊነግርዎ አያስፈልግም።

ሁለተኛው እርምጃ ሁለት ሕግ አለው፤ ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ሕግ፦ በአፍዎ ያለውን ሳይውጡ ቀጣዩን እንጀራ አይቁረጡ። እጅዎን የትሪው ጠርዝ ላይ ያሳርፉት፤ ጣቶችዎ ወጥ ስለነኩ ጉልበት ላይ ማድረግ አይመችም። ሁለተኛው ሕግ፦ ቁራሹን ያሳንሱ። በአምስት ጣት የሚጠቀለለውን ትተው በሦስት ጣት ጫፍ የሚያዘውን ይቁረጡ። ስለ ጉርሻ መጠን ኔዘርላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሙከራ አለ፤ ሰዎች ለስላሳ የቸኮሌት ገንፎ በትንሽ በትንሹ እንዲጎርሱ ሲደረግ በትልልቁ ከሚጎርሱበት ጊዜ ያነሰ በልተው ጠግበዋል፤ ምግቡ አፍ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይም እንደዚሁ። ጉርሻን ማሳነስ ከመቁጠር የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለው። ከመቶ ዓመት በፊት ሆራስ ፍሌቸር የተባለ አሜሪካዊ ምግብ አፍ ውስጥ ፈሳሽ እስኪሆን መታኘክ አለበት እያለ ብዙ ተከታይ አፍርቶ ነበር፤ በ1919 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ልማዱ አብሮት ደበዘዘ። እንጀራ ለእንዲህ ዓይነቱ ቆጠራ አይመችም። የረጠበ እንጀራ በአሥር ማኘክ ያልቃል፤ ሠላሳ የሚቆጥር ሰው ከአሥራ አንደኛው በኋላ የሚያኝከው ምራቁን ነው፣ ሲቆጥርም ጨዋታው ያመልጠዋል። የእጁ ሕግ ግን መቁጠር አይፈልግም። ጥቂት ቀን ይረሱታል፤ ሲረሱ ራስዎን ከመውቀስ ይልቅ የያዙትን ቁራሽ መልሰው ትሪው ላይ ያሳርፉት። ሌላ ሰው ካላስተዋለ ነውር የለውም።

ሦስተኛው እርምጃ ትሪው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ነው። እጅዎን ቢያሳርፉ፣ ቁራሽዎን ቢያሳንሱ፣ ከፊትዎ ያሉት ሁለት ሰዎች እየፈጠኑ ከሆነ ዓላማዎ ብዙ አይዘልቅም። ሰው አብሮት ከሚበላው ሰው ጋር እጁን ያስተካክላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት 70 ጥንድ ወጣት ሴቶችን ሲበሉ ተመልክቶ፣ አንዷ ስትጎርስ ሌላዋም በአምስት ሰከንድ ውስጥ የመጉረስ ዝንባሌዋ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። እነዚያ ሴቶች እንኳ የየራሳቸው ሰሃን ነበራቸው። አንድ ወጥ መካከል ላይ ሲፈስ ደግሞ ከመከተሉ በላይ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ የዘገየ ባዶ እንጀራ ይቀረዋል። ማንም ስስታም ሳይሆን ሁሉም ይሮጣል። ታዲያ ወግ አጥባቂ የሚባለው የአበሻ ገበታ ራሱ ለዚህ መላ አለው። ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ማን ይሮጣል? ዶሮው በ12 ብልት ተከፋፍሏል፤ ለእያንዳንዱ ብልቱና እንቁላሉ ከፊቱ ይደረግለታል፤ የኔ ነው የሚለውን ማንም ስለማይነካበት እንቁላሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ስለዚህ ለሽሮውም ለምስሩም እንደ ዶሮው ያድርጉ። ወጡ መሀል ላይ ከመፍሰሱ በፊት በየሰው ፊት ይከፈል። ቤት ውስጥ ጭልፋ የያዘው ሰው ይህን በአንድ ቃል ያስተካክለዋል፤ ምግብ ቤት ከሆነ እንጀራው እንደተዘረጋ «በየፊታችን አድርጊልን» ማለት ነው። ደግሞም ወጡ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይውጣ፤ ግማሹ ድስት ውስጥ ይቆይ። ሁለተኛው ጭልፋ እስኪመጣ ያለው ዕረፍት ለዘገምተኛው የሆድ መልእክት ጊዜ ይሰጠዋል። ጥቅሉን እንጀራም ፊትዎ ያለው ሳያልቅ አይዘርጉት።

ይህ «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» ለሚል ሕዝብ ባዕድ ነገር ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ የታወቀ ነው። ተቃውሞው የሚያነጣጥረው ሰሃንን በመለየት ላይ ከሆነ እውነት አለው፤ እዚህ ግን ትሪውም እንጀራውም አንድ ነው፣ የተከፈለው ወጡ ብቻ ነው። አብሮ መብላት ማለት እኩል መሮጥ ከሆነ ገበታው ጨዋታ የለውም፤ አፉ የሞላ ሰው አይጫወትምና። ቡና ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ አንድ ሰዓት ለመቀመጥ የማይቸኩል ሰው ምግቡ ላይ ብቻ ለምን እንደሚቸኩል ማሰብ ይገባል። ጉርሻን በተመለከተም ችግር የለም። ሲያጎርሱዎ ይጉረሱ፣ ያጉርሱም፤ ከሰው እጅ የመጣ ጉርሻ ትልቅ ስለሚሆን በደንብ ለማላመጥ የራስዎን እጅ ረዘም አድርገው ያሳርፉ። እንግድነት ሲሄዱ ደግሞ መዘግየት ከማንኛውም ሰበብ የተሻለ መከላከያ ነው። የቤቱ እመቤት «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» የምትለው እጁ ለቆመ ሰው ነው። ከፊቱ ወጥ ያለው፣ እጁም በቀስታ የሚንቀሳቀስ እንግዳ አይለመንም። ከተቻለም ከቤቱ አዛውንት አጠገብ ይቀመጡ፤ ዘገምተኛ ጎረቤት ዘገምተኛ ያደርጋል።

ምን ይበላል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ለስላሳ ምግብ ይፈጥናል፣ የሚታኘክ ያዘገያል። ፍርፍር ከሁሉ ይፈጥናል፣ ምክንያቱም እንጀራው ቀድሞ ተቆርጦ፣ ቀድሞ ርሶ ነው የሚመጣው፤ ማንኪያ ከተጨመረበት እጁ ሥራ ያጣል። ከጎኑ ቃሪያ፣ ሰላጣ ወይም ጥቅል ጎመን ይኑር። ቆጮ፣ ቆሎ፣ የበቆሎ እሸት በራሳቸው ያዘገያሉ። በፋብሪካ የሚዘጋጁ ምግቦች ላይ በአሜሪካ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሙከራ እዚህ ይጠቀሳል፤ 20 ሰዎች በእነዚህ ምግቦች ሁለት ሳምንት ሲቆዩ ካልተቀነባበረ ምግብ ይልቅ በቀን 500 ያህል ካሎሪ ጨምረው በሉ፣ ይበሉበት የነበረው ፍጥነትም ከፍ ያለ ነበር። ምግብን በውሃ ወይም በለስላሳ መግፋትም ያው ነው፤ መጀመሪያ ይዋጡ፣ ከዚያ ይጠጡ።

ጠንካራው ተቃውሞ የጊዜ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ዕረፍት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ6፡30 እስከ 7፡30 አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀን ሠራተኛውና የታክሲ ረዳቱ ያንንም አያገኙም። ነገር ግን ያችን ሰዓት ማን እንደሚበላት ይቁጠሩ። መንገዱ፣ ወንበር መጠበቁ፣ ትዕዛዙ እስኪመጣ መቀመጡ፣ ሒሳቡ ተደምሮ አብዛኛውን ይወስዳል፤ መብላቱ የሚቀረው ጥቂት ነው። አሥር ደቂቃ የሚፈለገው ለመብላት ከሆነ መቀነስ ያለበት ከመጠበቁ ላይ ነው። ምሳ ዕቃ ይዞ መውጣት አንዱ መንገድ ነው፤ ከባልደረቦች ጋር ተስማምቶ አንድ ሰው ቀደም ብሎ እንዲያዝ ማድረግ ሌላው። ልምምዱን ለመጀመር ደግሞ ዓርብን ይምረጡ፤ ለጁምዓ ሶላት ሲባል ዕረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ሁለት ሰዓት ስለሆነ ለማይሰግደውም ይተርፈዋል። ቁርስን ይተዉት። ጦር ኃይሎች ላይ ባቡር ለመያዝ፣ ወይም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቦምቦሊኖ በሻይ ለሚቀምስ ሰው የቀስታ ምክር ቀልድ ነው። ልምምዱ በቀን አንድ ምግብ ላይ ቢሆን ይበቃል፤ ለአብዛኛው ሰው ያ ምግብ እራት ነው። እራት ላይ ደግሞ ጠላቱ ሰዓት ሳይሆን ቴሌቪዥኑና ስልኩ ነው። ትኩረት በሌላ ሲያዝ ሰው በዚያው ሰዓት ብቻ ሳይሆን በኋላም አብዝቶ እንደሚበላ በጥናት ታይቷል። የሁለት ሰዓቱ ዜና እስኪያልቅ ይጠብቁ ወይም ቀድመው ይብሉ፤ ትሪው ከስክሪኑ ጋር አንድ ላይ አይቅረብ።

ጾም ለብቻው ቃል ይገባዋል፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በበዛበት ኮልፌ ከዓመቱ ብዙው ቀን ለአንዱ ወይም ለሌላው ጎረቤት ጾም ነውና። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ፊት ስለ ትንሽ ቁራሽ መስበክ ከንቱ ነው፤ እዚህ የሚሠራው ምግቡን ለሁለት መክፈል ነው። ረመዳን ይህን ከነሥርዓቱ ይዞታል፤ ጾሙ በቴምርና በውሃ ይፈታል፣ መግሪብ ይሰገዳል፣ ከዚያ ወደ ዋናው ማዕድ ይመጣል። በመካከሉ ያለው ዕረፍት የረኃቡን ጥድፊያ ይሰብረዋል። ችግር የሚመጣው ሳምቡሳውና ሾርባው ከሶላቱ በፊት ሲጠቀለል ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰውም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል፤ ጥቂት ቆሎ ወይም ፍራፍሬ፣ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ እንጀራው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው። የሚበላው ያነሰው ሰው በበዛባት ከተማ ስለ መዘግየት ማውራት የጠገበ ሰው ወሬ አይደለም? በከፊል ነው። ይህ መመሪያ በቀን አንዴ ለሚበላ፣ ለተጎዳ ሕፃን፣ ከሕመም ለሚያገግም ሰው አልተጻፈም፤ ለእነሱ አንድ አሥረኛ መቀነስ ጉዳት ነው። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድም ሰው የምግብ ሰዓቱንና መጠኑን ከሐኪሙ ሳይማከር አያዛንፍ። ሸክም የሚሸከም ሠራተኛም ብዙ ካሎሪ ያስፈልገዋል። ወጥን በየፊት መክፈል ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ያነሰ ምግብ ባለበት ቤት ነው። በጋራ ትሪ ላይ የሚጎዳው ትንሹ እጅ ነው፤ ስድስት ሰው በከበበው ትሪ የአራት ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ስለዚህ በቤትዎ ልጅ ካለ ከልጁ ይጀምሩ። ድርሻው ቀድሞ ይለይለት፣ እሱ ሳይጨርስ ትሪው አይነሳ። «ቶሎ ብላ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ትምህርት ቤት ሊረፍድ ሲል ነው፤ በዚያ ሰዓት ማዋከቡ አፉን ሞልቶ መዋጥን ያስተምረዋል፣ ማነቅም ሊያመጣ ይችላል። የሚችለውን ይብላ፤ የቀረው ምሳ ዕቃው ውስጥ ገብቶ ለዕረፍት ሰዓት ይሂድለት።